የራዊያ በር ላይ ሻሽ ሲታሰር

ቆቦ ውስጥ ወደ ራዊያ ልብስ ስፌት ቤት ሰው የሚልክ ሁሉ አድራሻ ብቻ ነግሮ አያሰናብትም። «ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ቅያስ ግባ፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታገኛለህ። በሩ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ታስሮ ካየህ ግን እንዳታንኳኳ፣ ሌላ ቀን ተመለስ» ይላል። እንግዳ ሰው ይገርመዋል። የሰፈሩ ሰው ግን ከለመደው ቆይቷል። ሻሹ ታሰረ ማለት ራዊያ ራሷን አሟታል ማለት ነው፤ ራዊያ ራሷን አመማት ማለት ደግሞ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይውላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ግቢ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር እንጃ። ባሏ ሰላሁዲን ባጃጅ ይነዳል፤ ሻሹን ከሩቅ ካየ ሞተሩን ቅያሱ አፍ ላይ አጥፍቶ ባጃጁን እንደ ጋሪ እየገፋ ነው የሚገባው። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ከፈለች በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ ሬዲዮ ካልተከፈተ እጇ ሥራ የማይይዝላት ሴት ናት፤ እሷም በዚያ ቀን ሬዲዮዋን ትዘጋለች፣ ሙቀጫዋን ጥግ ታስይዛለች። የሰላሁዲን እናት እማ ዓሊማ ደግሞ ዶሮዎቹን ሳይቀር «እሽ! ዝም በሉ እናንተ!» እያሉ ይገስጻሉ። የራዊያን ስልክ ከክፍሉ ያወጣሉ፣ መስኮቱን በጋቢ ይጋርዳሉ፣ ውሃ በኩባያ አጠገቧ አስቀምጠው በእግር ጣታቸው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም። ይህን ሁሉ ያስተማረቻቸው ራዊያ ራሷ ናት፤ እነሱም ትምህርቱን ጥንቅቅ አድርገው ይዘውታል።

ራስ ምታቱ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ጀምሮ አብሯት ያለ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በሽታውን ይረግማል፣ ያማርራል። ራዊያም አታማርርም ማለት አይደለም፤ ሲያማት ታለቅሳለች፣ ሲያስመልሳትም ባልዲውን አቅፋ «ያ አላህ፣ ምን አደረግሁህ?» ትላለች። ግን ገና ሲፈጥራት ጠያቂ ናት። ልጅ ሆና የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ፣ መልሳ ስትገጥመው ሁለት ብሎን ተርፏት የተገረፈች ሴት ናት፤ ሬዲዮው ያለ ብሎኖቹም መሥራቱ ግን እስከ ዛሬ ይገርማታል። ራስ ምታቷንም እንደዚያው አድርጋ ፈታትታዋለች። ከመምጣቱ በፊት ያዛጋታል፤ ጣፋጭ ነገር ያምራታል። ከዚያ ከግራ ዓይኗ ዳር ላይ አንዲት የብርሃን ጭረት ትነሳና ልክ እንደ ዚግዛግ ስፌት እየተጣጠፈች ወደ መሀል ትሰፋለች። ብርሃኗ ስትጠፋ ሕመሙ በግራ በኩል፣ ጆሮ ግንዷ ላይ ይተክላል። ሁልጊዜ በግራ ነው። ቀኝ ጎኗ ምን ቢበድል ነው የማይጎበኘው ብላ ለከፈለች ነግራት፣ ሁለቱም ስቀዋል።

ምን እንደሚቀሰቅስባትም ለማወቅ ያላደረገችው የለም። አንድ ሰሞን ሽንኩርት ተወች፤ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ሰሞን ሽቶ ተወች፤ ትንሽ ቀነሰላት። ረሀብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሚያዝያ ፀሐይና የቤንዚን ሽታ ግን ወንጀለኞቹ እነሱው ሆነው ተገኙ። ቤንዚኑ የመጣው ከሰላሁዲን ጃኬት ነው። ምስኪኑ ጃኬት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት እንዳይገባ ተፈርዶበት በባጃጁ ውስጥ ያድራል።

ከተጋቡ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሲያጋምሱ ልጅ የሚባለው ነገር በቤቱ መነሳት ጀመረ። እማ ዓሊማ አይጨቀጭቁም። ብቻ የሌላ ሰው ሕፃን ባዩ ቁጥር «ማሻአላህ፣ እግሩ እንዴት ነው የጠነከረው!» ይሉና ራዊያን ገልመጥ ያደርጋሉ። ራዊያም ብትሆን ትፈልጋለች። ፍርሃቷ አንድ ነው፤ በዚህ ራስ ላይ እርግዝና ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ መልሱ በገዛ እግሩ ሱቋ ድረስ መጣ።

ሲስተር ፍሬዓለም ከጎጃም ተመድባ ቆቦ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። የቆላውን ሙቀት ገና አልለመደችውም፤ ከስታ ጋዎኗ ሰፍቷት ኖሮ ልታስጠብበው ገባች። ራዊያ ሜትሩን ወገቧ ላይ እያዞረች ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ራስ ምታት ዓይን ውስጥ ምን አገባው? እኔን ሊያመኝ ሲል ዓይኔ ዳር ብርሃን ይሰፋብኛል። ወላሂ ዚግዛግ ነው፣ ልክ እንደ መኪናዬ ስፌት።»

«ሚግሬን ነው» አለች ፍሬዓለም፣ በእጇ ፊቷን እያራገበች። «ብርሃኑን ብዙ ሰው ያየዋል፤ ሐኪሞች ስም ሁሉ አውጥተውለታል።»

ራዊያ ትንሽ ቅር አላት። ያን ብርሃን በዓለም ላይ የምታየው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

«ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አለቻት ፍሬዓለም። ራዊያ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሁለት ዓይነት ክኒን አወጣች። አንደኛው ደሴ ድረስ ሄዳ ሐኪም ያዘዘላት፣ ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ እሱን ከጀመረች ወዲህ ሻሹ ከበሩ ላይ የሚታሰርበት ቀን ቀንሷል። ሁለተኛው ሲያማት ከፋርማሲ እየገዛች የምትውጠው ነው። ፍሬዓለም የመጀመሪያውን ገልብጣ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«አግብተሻል?»

«አዎ።»

«ልጅ አስባችኋል?»

«ኢንሻአላህ። የሦስት ወር መርፌ እወጋ ነበር፣ ከእንግዲህ ልተወው ብያለሁ።»

«ገና ነው፣ እንዳትተይው። ይሄ ክኒን ላንቺ ራስ ቢበጅም ለጽንስ ክፉ ነው። አንቺ ማርገዝሽን እንኳ ሳታውቂ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጁን አከርካሪና አንጎል ሊያበላሽ ይችላል።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ እጥለዋለሁ!»

«እሱንም እንዳታደርጊ!» ፍሬዓለም ክኒኑን ጨብጣ ያዘችው። «በድንገት አይቋረጥም። ያዘዘልሽ ሐኪም ቀስ እያለ ነው የሚያወርድሽ። መጀመሪያ ከሰውነትሽ ይውጣ፣ ከዚያ ልጁ ይመጣል። ይሄን ሁለተኛውንስ ስንቴ ትወስጂዋለሽ?»

«በሳምንቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን።»

«ይሄ ደም ስር ያጠባል፤ እርጉዝ ሴት አጠገቡም አትደርስ። ደግሞ ሲዘወተር እሱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።»

ራዊያ ሜትሩን አስቀመጠችው። «መድኃኒቱ?»

«መድኃኒቱ።»

«የራስ ምታቴ መድኃኒት ራስ ምታት ሲሰጠኝ ነው የከረመው?»

ሌላ ሰው ቢሰማው ይናደዳል። ራዊያ ግን ዓይኗ በራ፤ ስንት ዓመት የፈለገችው ሌባ ከገዛ መሳቢያዋ ውስጥ ተገኘ። ሲስተር ፍሬዓለም እስክትሄድ ድረስ ጥያቄ እያከታተለች አደረቀቻት። በዚያ ቀን የጠበበው ጋዎን ኋላ ሲለበስ፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው አጥሮ ተገኘ።

ደሴ ሄደች። ሐኪሙ ክኒኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስተዋት፤ ከፋርማሲ የሚገዛውንም ጭራሽ ከለከላት። በምትኩ ለእርግዝናም ብዙ የማያሰጋ፣ ቀለል ያለ መድኃኒት በጥቂቱ ሰጣት። ፎሊክ አሲድ የምትባል ትንሽ ክኒንም ጨመረላት፤ ልጁ ከመጸነሱ በፊት ጀምራ እንድትውጣት ነው። ይህች ክኒን ራዊያን ታስቃት ነበር። «ለሌለ ልጅ መድኃኒት እውጣለሁ» ትላለች ለከፈለች። «ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያስቸገረ፣ ሲመጣ ምን ሊሆን ነው?»

ሳቁ ግን አልዘለቀም። መድኃኒቶቹ ከሰውነቷ ሲወጡ ራስ ምታቱ የቀረበትን ሁሉ ሊያካክስ መጣ። ሻሹ ከበሩ ላይ ሳይፈታ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ሆነ። ደንበኞቿ ጨርቃቸውን እየወሰዱ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ። አንድ ከሰዓት ሰላሁዲን ሕጉን ጥሶ ወደ ጨለማው ክፍል ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ራዊያ፣ ልጁ ይቅርብን» አላት። «ወላሂ ይቅርብን። አንቺን እንዲህ እያየሁ ልጅ አያምረኝም። የድሮ ክኒንሽን ጀምሪ።»

«ቀስ ብለህ አውራ» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ቀስ ብዬ እኮ ነው።»

እጁን ፈልጋ ያዘችው። «ስማኝ ሰላሁዲን። አንተ ስለፈለግህ ወይ እማ ዓሊማ ስለፈለጉ መስሎህ ነው? እኔ ነኝ የምፈልገው። ከእኔና ካንተ ማን እንደሚመጣ ማየት እፈልጋለሁ። ያንተን ግንባር ይዞ የኔን አፍ ይዞ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው? እሱን ሳላይ ብቀር ይቆጨኛል።»

ሰላሁዲን እጇን ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ መለሰው። ወጥቶ ባጃጁን እየገፋ ሄደ፤ ቅያሱ አፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆመ።

ፍሬዓለም «መጀመሪያ ይብስብሽና ኋላ ይቀልሻል» እንዳለቻት፣ ያ ክፉ ጊዜ አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ ራዊያ ራስ ምታቷን እንደገና ስትቆጣጠረው፣ የምትውጠው ትንሽ ሆኖ ሕመሙም ያነሰ ሆኖ አገኘችው። በሰዓቱ ትበላለች፣ በሰዓቱ ትተኛለች፣ ፀሐይ ስትበረታ መኪናዋን ወደ ውስጥ ታስገባለች። ሐኪሙ «አሁን ይቻላል» ሲላት መርፌውን ተወች። እንዲህ ተደክሞበት ልጁ ግን አልዘገየም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። ማስመለሱና ራስ ምታቱ ተጋግዘው አንኮታኮቷት። ሲያማት ፍሬዓለም የፈቀደችላት ማስታገሻ ፓራሲታሞል ብቻ ነው፣ እሱም በልክ። የቀረው ውሃ፣ ጨለማና ግንባሯ ላይ የሚደረግ ቀዝቃዛ ጨርቅ ነበር። ረመዳን ሲገባ እማ ዓሊማ ራሳቸው ምሳ ይዘውላት መጡ። «አንቱ ጾመኛ ሆነው እኔ ፊትዎ ልብላ?» ብትል፣ «ረሀብ ራስሽን እንደሚቀሰቅስብሽ እያወቅሽ!» ብለው ተቆጡ። «አላህ ለእርጉዝ የፈቀደውን አንቺ ማን ነሽና ትከለክያለሽ? ብይ!»

ከዚያ፣ ሆዷ መግፋት ሲጀምር፣ አንድ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ራስ ምታቱ ጠፋ። አንድ ሳምንት ዝም፣ ሁለት ሳምንት ዝም፣ ወር ዝም አለ። አረንጓዴው ሻሽ ታጥቦ ሳጥን ውስጥ ገባ። ግቢው እንደ ልቡ መጮህ ጀመረ፤ ከፈለች ለወራት የቀረባትን ሬዲዮ ሁሉ በአንድ ላይ የከፈተችው ይመስል ነበር። ራዊያ ደስ አላት፤ ግን ደግሞ የት እንደሄደ ማወቅ አማራት። ጠዋት ስትነሳ በግራ ዓይኗ ዳር ትፈልገዋለች። ሆን ብላ የሰላሁዲንን ጃኬት አንስታ ብታሸተውም ምንም አልመጣም።

«የት ሄደ?» አለቻት ፍሬዓለምን በክትትል ቀኗ።

«የሆርሞን ነገር ነው። ለብዙ ሴቶች በመሀሉ ወራት ይቀላቸዋል። ስትወልጂ ይመለስልሻል፣ አትጨነቂ» ብላ ሳቀች ፍሬዓለም። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ከክንዷ ላይ እየፈታች ሳቋን ተወች። «ራዊያ፣ ይሄን ግን ያዢልኝ። የራስሽን ራስ ምታት ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከመጣ ቤት አትተኚ። ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ዓይንሽ ከተጋረደ፣ ከጎድንሽ ሥር ካመመሽ፣ ሰዓት ሳትይ ነይ። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት አለ፤ ራስ ምታት የለመደች ሴት ደግሞ ያው የኔው ነው ብላ ትዘናጋለች።»

«እኔ እንኳ አልዘናጋም» አለች ራዊያ። እውነቷን ነው፤ እሷ አልተዘናጋችም። ሌላውን ሰው ግን ምን እንዳስተማረችው ረስታዋለች።

ስምንተኛ ወሯን ስትጨርስ እማ ዓሊማ ዱበርቲ ደገሱላት። ወሯ ለደረሰ ሴት ሴቶች ተሰብስበው የሚያደርጉላት ዱዓ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ መጣ፤ ከፈለችም ማዕተቧን ይዛ ከመሀላቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ዘርግተው «በሰላም ያገላግልሽ፣ ያንቺን እግር ከአልጋ፣ የልጁን እግር ከመሬት ያድርስልሽ» እያሉ መረቋት፤ ቤቱ «አሚን» በሚል ድምጽ ተናጋ። በዚያው ቀን ክትትል ነበራት። ዱዓ ጥሎ መሄድ እንዴት ይሆናል ብላ ለማግስቱ አዛወረችው። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት ያዩ ሴቶች «ያዘለችው ቀላል ሰው አይደለም» ብለው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ ወደ ክትትሏ ልትሄድ ስትለባብስ ራሷን ያዛት። እጇ ወደ ግንባሯ ሲሄድ ያዩት እማ ዓሊማ ነገር አላበዙም። «የትናንቱ ጫጫታ ነው፣ አብሽሪ ልጄ» ብለው አስተኟት፤ ግንባሯን በጨርቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩላት፣ መስኮቱን ጋረዱ፣ ስልኳን አወጡ፣ ውሃውን አስቀመጡ። ሻሹን ከሳጥን አውጥተው በሩ ላይ አሰሩ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ እንዲል እሳቸውም ወደ ገበያ ወጡ። ሰላሁዲን ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ሮቢት ሄዷል።

ራዊያ በጨለማው ውስጥ ተጋድማ ብርሃኗን ጠበቀች። ዚግዛጓ አልመጣችም። በግራ ፈለገቻት፣ በቀኝም ፈለገቻት። ያለችው ሌላ ነገር ናት፤ የተበተነ የብረት ብናኝ የመሰለ ብልጭታ፣ ያውም በሁለቱም ዓይኗ። ሕመሙም ግራ ቀኝ አልመረጠም፤ ግንባሯን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። መጀመሪያ ገረማት። ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው? አላዛጋችም፣ ጣፋጭ አላማራትም፣ ቁርሷን በልታለች፣ እንቅልፍ ጠግባለች። ቀለበቷን ለማዞር ሞከረች፤ ጣቷ አብጦ ንቅንቅ አይልም። ከቀኝ ጎድኗ ሥር አንድ ነገር ሰቅስቆ ያዛት። የፍሬዓለም ቃል ያኔ መጣላት፤ መገረሙ ጠፋና ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ማየት የፈለገችውን ሰው ሳታየው ልትቀር ነው።

«ከፈለች!» ብላ ተጣራች።

ከፈለች ሻሹን ገና አላየች ኖሮ፣ ግድግዳው ማዶ ይሰማ የነበረው ሬዲዮ ያኔ ጸጥ አለ።

«ከፈለች!»

ከፈለች በሹክሹክታ ቅያሱ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ስታባርር ተሰማት። «ሂዱ ከዚህ! ራሷን አሟት ትጮሁባታላችሁ እንዴ?» ልጆቹ ሄዱ። የዶሮ ኮቴ እንኳ አይሰማም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትጣራ የከፈለች እግር በቀስታ እስከ በሩ መጣ። «አይዞሽ ራዊያዬ» አለች በጭንቅ በሚሰማ ድምጽ። «ዘጋሁት፣ ዘጋሁት። ከእንግዲህ ኮሽ አይልብሽም።» እግሯ በቀስታ ተመለሰ።

ራዊያ «ነይ፣ ግቢ» ልትል ፈለገች፤ ምላሷ ከበዳት፣ ቃሉ አልወጣ አላት። በጠራች ቁጥር ዝምታው ይብሳል። የሚወዷት ሰዎች በሙሉ፣ ስለሚወዷት፣ ብቻዋን ትተዋታል። ለስንት ዓመት አንድ በአንድ ያስተማረቻቸው ይሄንኑ ነው።

ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ግንባሯ ላይ የታሰረውን ፈታ ጣለች፤ ሂጃቧን የት እንዳደረገችው ልትፈልግ ዞር አለችና ተወችው። ራዊያ ካገባች ወዲህ ከዚያ በር ራሷን ሳትሸፍን ወጥታ አታውቅም፤ ጸጉሯ ምን ያህል እንደሆነ የሰፈሩ ሰው አያውቅም። አሁን በሩን ከፈተችው። ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የኖረችው የቆቦ ፀሐይ ፊቷን መታት። አረንጓዴውን ሻሽ ከበሩ ላይ ጎትታ መሬት ጣለችና፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኖ፣ ግቢው መሀል ቆመች።

ከፈለች በርበሬዋን ልታገላብጥ ቀና ስትል አየቻት። በፀሐይ፣ ራስ ምታት ያለባት ራዊያ! ራሷን ገልጣ!

«በማርያም! በማርያም! ሰው ድረሱ!»

ሻሽ በታሰረ ቀን ድምጽ ከፍ ተደርጎ በማያውቅበት ግቢ፣ የከፈለች ጩኸት መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። ሮጣ መጥታ በገዛ ነጠላዋ ጸጉሯን ሸፈነችላት፤ አቅፋ እያስቀመጠቻት በሌላ እጇ ሰላሁዲን ጋ ደወለች። ሰላሁዲን ከሮቢት በመመለስ ላይ ነበርና ቅያሱን እየበረረ ገባ፤ ባጃጁ ሻሽ በታሰረበት ቀን ሞተሩ እየጮኸ፣ ጥሩምባው እየተነፋ እዚያ ግቢ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው። የጫናቸውን ሽማግሌ ማውረድ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ለገበያ ቲማቲም ይዘው የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ከነቲማቲማቸው ሆስፒታል ድረስ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉላት አብረው ሄዱ።

ፍሬዓለም ግፊቷን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«ስንት ነው?» አለች ራዊያ ምላሷ እየተሳሰረ።

«ከፍ ብሏል።»

«ስንት?»

«ራዊያ፣ አሁን አትጠይቂኝ» አለች ፍሬዓለም፣ መርፌውን እያዘጋጀች። ጥያቄዋን ሳትመልስላት ስትቀር ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንዳትንቀጠቀጥ የሚያደርገውን መርፌ ወጓት፤ ሰውነቷን እንደ እሳት አቃጠላት። ግፊቷን የሚያወርድ ሰጧት፤ ከዚያ ሐኪሙ ልጁ አሁኑኑ መውጣት አለበት ስላለ ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። በሩ ሲዘጋ ሰላሁዲን መሬት ላይ ተቀመጠ። ከፈለች ማርያምን፣ ከገበያ ሮጠው የደረሱት እማ ዓሊማ አላህን ይዘው አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነበር።

ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ድምጿ ትንሽ አልነበረም። ራዊያ ነቅታ ሲያሳዩዋት ግንባሯን አየች፣ አፏን አየች፣ እግሯን ገልጣ አየች። «የማንም አይደለችም» አለች ተገርማ። «ሌላ ሰው ናት።» ሰላሁዲን እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ነጃት አሏት።

ከፈለች ግን ለቀናት መሳቅ አቃታት። ሾርባ ይዛ በመጣች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል። አንድ ቀን አልቻለችም። «እየጠራሽኝ እኮ ነው ሬዲዮ የዘጋሁት» አለች። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት፣ ራዊያዬ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለቻት ራዊያ፣ እጇን ይዛ። ሁለቱም ተላቀሱ።

ነጃት መሳቅ ስትጀምር፣ አንድ ቀን ራዊያ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አዛጋት። ስኳር አማራት። ከዚያ በግራ ዓይኗ ዳር ያቺ ጭረት ተነሳችና እየተጣጠፈች መስፋት ጀመረች። ራዊያ ክሩን እንደያዘች ፈገግ አለች። የት ከርማ መጣች? ልጅቷን ለእማ ዓሊማ ሰጥታ፣ ፓራሲታሞሏን ውጣ፣ ጨለማ ክፍሏ ገብታ ተኛች። ሻሹ በሩ ላይ ታሰረ። ሬዲዮው ተዘጋ፤ ሰላሁዲንም ባጃጁን ገፍቶ ገባ።

አሁን ግን ግቢው አንድ አዲስ ሕግ አለው። ብዙም ሳይቆይ በሩ በቀስታ ተከፈተና እማ ዓሊማ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ራዊያ።»

«አቤት።»

«የትኛው ነው?»

«የኔው ነው እማ። ብርሃኑ በግራ መጣ፣ በግራ ነው የያዘኝ።»

«አልሀምዱሊላህ!» አሉ እማ ዓሊማ፣ ከልባቸው።

ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ከግድግዳው ማዶ የከፈለች ድምጽ መጣ፤ ሹክሹክታ ከተወች ቆይታለች። «እማ ዓሊማ! የትኛው ነው?»

«የራሷው ነው!» ብለው ጮኹ እማ ዓሊማ። «አብሽሪ፣ የራሷው ነው!»

ጩኸቱ ራዊያን በግራ በኩል እንደ ወስፌ ወጋት። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እያመማት ሳቀች።